ድምፁ የሚቆራረጠው ከአያቴ ጋር ብቻ ነው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት በመጀመሪያ ያደረግሁት ወንበር ማስተካከል ነው። በሽኩና ዳሌት ማትናስ፣ ማለትም በሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ ያለው የኮምፒዩተር ክፍል ከእኔ በፊት የልጆች መጫወቻ ነበረ። ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ፣ ስክሪኖቹ በመደርደሪያ ላይ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ለትልቅ ሰው አንገት አይመችም። ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ወንበሩን ሁሉ ከፍ፣ ስክሪኑን ሁሉ ዝቅ አደረግሁ። የማውሶቹን ኳስ አውጥቼ የያዘውን ቆሻሻ በጥፍሬ ፈቀፈቅሁ። ማሽኖቹን ሁሉ አብርቼ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ለማሽኖቹ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልቼ ነበር።

ኮርሱ ለወላጆች ነበር። አብዛኞቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠና አንዱ የአውሮፕላን ጉዞ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጡ፣ ከሥራ መልስ የሚማሩ እናቶች ናቸው፤ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ፣ ትምህርት ቤት የሚያጸዱ። እኔም በዚያው ጉዞ በልጅነቴ የመጣሁ ነኝ፤ ከመምህራን ኮሌጅ ገና መውጣቴ ነበር። ስሜ ሙሉ ነው። እነሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሞራ» አሉኝ፤ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው። ከእናት እኩያ «ሞራ» መባል መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ቆይቶ ይለመዳል።

የዚያን ዕለት ትምህርት ቀላል ነበር፤ ፕሮግራም መክፈትና መዝጋት። እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ተማሪ ፕሮግራሙን ሊዘጉ ሲሉ ትንሽ መስኮት ብቅ አለባቸው። ከሥሩ በዕብራይስጥ «ኢሹር» የሚል ቁልፍ አለ፤ «ተስማምቻለሁ» እንደማለት ነው። እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን ከማውሱ አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ይጫኑት እማማ» አልኩ።

«አልጫንም።»

«ለምን?»

«ኢሹር ይላላ። ኢሹር ፊርማ ነው። የዕብራይስጥ ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው አይደላችሁ?»

ቀና ብዬ ሳይ የክፍሉ ሰው ሁሉ እጁን ከማውሱ አንስቷል። እውነታቸውን ነው። ከአውሮፕላን ከወረድንበት ጊዜ ጀምሮ ሶሻል ወርከሩም፣ የማኅበሩ ሰውም፣ ልጆቻቸውም ሲነግሯቸው የኖሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ማብራራት ጀመርኩ። መስኮቱ ውል እንዳልሆነ፣ የሚጠይቀው «ይቀመጥልሽ ወይስ አይቀመጥ» ብቻ እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፤ ማብራራት እወዳለሁና ረጅም ጊዜ አብራራሁ። እማማ ጥሩነሽ ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝ።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ታዲያ አንብቢውና ልፈርም።»

እንደዚያው አደረግን። በዚያ ኮርስ ማንም ሰው ቁልፍ የሚጫነው መስኮቱ ድምፅ ወጥቶ ከተነበበ፣ በአማርኛም ከተነገረ በኋላ ሆነ። የማዕከሉ አስተባባሪ ሮኒት አንድ ቀን ገብታ ከኋላ ቆማ አየችን፤ ከክፍሉ በኋላ ጠራችኝ።

«አንድ ሙሉ ትምህርት ሦስት መስኮት ብቻ?» አለች።

«በሚቀጥለው ይፈጥናሉ።»

«ካልፈጠኑስ?»

«የተጫኑትን ያውቃሉ።»

ትከሻዋን ነቀነቀችና ቡናዋን ይዛ ሄደች። እንዳልኩትም ፈጠኑ።

ከክፍሉ የሚመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ መሆናቸውን ሳይ ወደ ፎሩም ገባሁ። የእኛ ወጣቶች ያቋቋሙት የኢንተርኔት መወያያ ነበር። ዘፈን የሚፈልግ፣ የሠራዊት ጥያቄ ያለው፣ ዘመድ የጠፋበት፣ ሁሉም እዚያ ይጽፋል። ከታች «ኮምፒዩተር፣ ጥያቄና መልስ» የሚል ማዕዘን ነበረ፤ ጥያቄ ሞልቶበታል፣ የሚረባ መልስ ግን የለውም። ለመልስ የሚሰጠው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ፎርማት አድርገው»፤ ያለውን ሁሉ ደምስሰህ እንደ አዲስ ጀምር ነው። ራሱን ለሚያመው ሰው ራስህን ቁረጠው እንደማለት ነው። ማዕዘኑን እኔ ልያዘው ብዬ ጠየቅሁ፤ ሰጡኝ።

በዚያን ጊዜ በብዛት የሚጠየቀው ስለ ፊደል ነበር። አንዱ «ከጎንደር የመጣልኝ ደብዳቤ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ነው፤ ቫይረስ ይሆን?» ይላል። ቫይረስ አይደለም፤ ማሽኑ የግዕዝ ፊደል ፎንት ስለሌለው ነው፤ ፎንቱን መጫን ነው። ሌላዋ «አማርኛ ስጽፍ አራት ነጥቡ ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ዘሎ ይቀመጣል» ትላለች። ይህ የእኛ አገር ችግር ነው። ማሽኑ ዕብራይስጥ ስለለመደ መስመሩን ከቀኝ ይጀምራል፤ አማርኛ ደግሞ ከግራ ነው። በግራ በኩል ያሉትን ኮንትሮልና ሺፍት አንድ ላይ መጫን ነው፤ መስመሩ ወደ ግራ ይዞራል፣ አራት ነጥቡም ቦታውን ያገኛል። ለዕብራይስጥ በቀኝ በኩል ያሉትን። ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም፤ እያንዳንዱን ጊዜ ግን በደስታ ነው የጻፍኩት።

ለራሴ ሥርዓት አወጣሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ችግሩን በራሴ ማሽን ላይ እሞክራለሁ። ከተፈታ ርእሱ ላይ «ተፈታ» ብዬ እጽፋለሁ። በማዕዘኑ ውስጥ «ተፈታ» ያልተባለ ርእስ ሳይ ያልታጠበ ዕቃ ያየሁ ያህል ይከነክነኛል።

አንድ ቀን «የጊሜል ልጅ» የሚል ስም ያላት ሴት እንዲህ ጻፈች፦ «ድምፁ የሚቆራረጠው ከአያቴ ጋር ብቻ ነው። እኔ ስናገር ይሠራል፣ ወንድሜ ሲናገር ይሠራል። አያቴ ሲቀመጡ ይቆራረጣል። እባካችሁ፣ አስቸኳይ ነው።»

ሦስት ሰዎች «ፎርማት» አሏት። አንዱ «አያትሽን ፎርማት አድርጊያቸው» አለ፤ እሱን አጠፋሁት። ከዚያ በሥርዓቴ መሠረት ጠየቅኋት፤ ምን ፕሮግራም፣ ምን ሚክሮፎን፣ ከማን ጋር ነው የምታወሩት? የጻፈችልኝ መልስ ረጅም ነበር።

ስሟ ዝናሽ ነው። ሽኩና ጊሜል ትኖራለች፤ ነርስነት ትማራለች፤ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ደሳለኝ ቤተሰቡ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ አያቱ አባባ ተገኘ እስካሁን ጎንደር ሆነው የመምጫ ፈቃድ ይጠብቃሉ። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ዘመድ ይቆጠራል። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ በአባት በእናት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የሙሽሪት ወገንም እንዲሁ። አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ። በዝናሽ ወገን የሚቆጥሩት አያቷ አባባ ፈረደ ናቸው። በደሳለኝ ወገን ከአባባ ተገኘ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አባቱ ከአራት በላይ አይዘልቅም። አዳራሹ ተይዟል፤ መጥሪያው ታድሏል። ቆጠራው ግን አላለቀም።

«ለምን በስልክ አይቆጥሩም?» ብዬ ጻፍኩ።

«ስልክ ለአንድ ጆሮ ነው። ቆጠራ ምስክር ይፈልጋል፤ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው መስማት አለባቸው። ስለዚህ ነው በኮምፒዩተር፣ በድምፅ ማጉያ ያደረግነው።»

ጊሜል ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። መጥቼ ልየው አልኳት።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኮምፒዩተሩ ሳሎን ውስጥ፣ የመስታወት ቁም ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጧል። አባባ ፈረደ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ማሽኑን ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ይዘውት ተቀምጠዋል፤ የተጣሉትን ጎረቤት እንደሚያዩ።

«ያቺ የኮምፒዩተሯ መምህር መጣች» አለች ዝናሽ።

«እንኳን መጣሽ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው። እስከ አራተኛ አያቴ ጠየቁኝ፤ አራተኛው ላይ ያዘኝ። «ትማሪያለሽ» ብለው አለፉኝ። ከዚያ ነገሩን ከራሳቸው አፍ ሰማሁ።

«ሁለት ጊዜ ተቀመጥን። ሰውየው ይጀምራል፣ ደህና ይሄዳል፣ ስሙ ላይ ሲደርስ ይውጠዋል! የአባቱን ስም ይላል፣ የአያቱን ስም ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ቅንጥብጣቢ ነው። የሚደብቀው ነገር አለው።»

«ሳባ፣ ዳይ!» አለች ዝናሽ፤ ‹አያቴ፣ ይብቃ› ማለቷ ነው። «መስመሩ ነው የሚቆራረጠው፤ እሳቸው አይደሉም።»

«መስመሩ አንቺ ስታወሪ ለምን አይቆራረጥም? ለማሽኑ እኔ ምኑ ነኝ?»

ዝናሽ ወደ ኩሽና ወሰደችኝ። ጎንደር ያሉትም ተቀይመዋል። የደሳለኝ ወንድም በላቸው አያቱን ኢንተርኔት ቤት ድረስ ደግፎ የሚያመጣቸው እሱ ነው፤ የላከላት መልእክት እንዲህ ይላል፦ አባባ ተገኘ «የአባቶቼን ስም ስጠራ ወዲያ ያለው ሰው አንዲት ቃል አይመልስም። ለድንጋይ ነው የምነግረው? ንቀውናል» ብለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከተማ አልወጣም፣ አቅሜም አይደለም ብለዋል።

«አሁን ካልሆነስ?» አልኳት።

«ካልሆነ ሳባ አይባርክም። ሳባ ካልባረከ ከወገናችን የሚመጣ የለም። እኔም ያለ ሳባ አላገባም፤ ደሳለኝም ያውቃል።» የቧንቧውን ውሃ ከፍታ እጇን ታጠበች፤ የቆሸሸ ነገር ግን አልነበረባትም።

ሥራ ጀመርኩ። በላቸው ኢንተርኔት ቤት እንዲገባ አደረግንና እኔ ሚክሮፎኑ ላይ ተቀመጥሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣል። አንድ ሁለት ብሎ እንዲቆጥር ጠየቅሁት፤ አንድም ቁጥር አልጎደለም። ሌሎቹን ፕሮግራሞች ዘጋሁ፣ የሚክሮፎኑን ድምፅ አስተካከልሁ፣ ገመዱን ለወጥሁ፤ ያው ጥርት ያለ ነው። ከዚያ አባባ ፈረደ ተቀመጡ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ ተቆራረጠ።

ማታ ፎሩም ላይ ያደረግሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ጽሑፌን የዘጋሁት «ከእኔ ጋር ይሠራል» ብዬ ነው። ምክር ጎረፈ። አዲስ ሚክሮፎን ግዙ፤ የድምፅ ካርዱን ሾፌር፣ ማለትም የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አውርዱ፤ የኢንተርኔት ኩባንያውን ቀይሩ። አንዲት ሴት በጆሮ ማዳመጫ ይሞከር አለች። ጥሩ ምክር ነበር፤ ግን ምስክሮቹ እንዴት ይስሙ? አንዱ ደግሞ የሽማግሌ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ማሽኑ አይችለውም አለ። አልሳቅሁም፤ ሞከርኩት። የዝናሽን ሌላ አጎት አስቀመጥሁ። እሳቸውም ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ተናገሩ፣ ደህና ሄደ።

ከዚያ «ሽቦ» የሚባል አባል ጻፈ። ሽቦ በሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ያገለግል የነበረ ልጅ ነው፤ ትክክለኛ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ብዙ አይጽፍም። ያን ዕለትም ጥያቄ ብቻ ጻፈ።

«ወዲያ ያሉት ሲናገሩ አባባ ፈረደ ምን ያደርጋሉ?»

«ያዳምጣሉ» ብዬ መለስኩ።

«እንዴት አድርገው ነው የሚያዳምጡት?»

ጥያቄው ሞኝ መሰለኝ። «በጆሯቸው» ብዬ ልጽፍ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ፦ «በሠራዊት ሬዲዮ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ከረሳ ሌላው ሁሉ ይደነቁራል። ስትሞክሪ አንቺ ዝም ብለሽ ነው የምታዳምጪው። እሳቸውስ?»

ጽሑፉን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የእኛ ሽማግሌ ዝም ብሎ አያዳምጥም። ሰው ሲነግረው «እህ» ይላል፣ «እህም» ይላል፣ «እውነት ነው» ይላል፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «ህእ» ይላል። ዝም ያለ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ ተቀይሟል። እኛ ትምህርት ቤት ገብተን ዝም ብሎ መስማት ተምረናል፤ እሳቸው አልተማሩም፤ መማርም የለባቸውም።

በማግስቱ ወደ ጊሜል ተመለስኩ። በላቸው ጎንደር ሆኖ የሰፈሩን ወሬ እንዲያወራ አደረግሁ፤ አባባ ፈረደን ሚክሮፎኑ ፊት አስቀመጥሁ። እኔ ስክሪኑ ላይ በሚክሮፎኑ ድምፅ ሲገባ የሚዘልለውን አረንጓዴ መስመር አየሁ። በላቸው «አምና ዝናቡ» አለ፤ አባባ ፈረደ «እህ» አሉ፤ አረንጓዴው ዘለለ፤ የበላቸው ድምፅ ጠፋ። እንደገና ተሰማ፤ «እህም» አሉ፤ እንደገና ጠፋ። ቀስ ብዬ መዳፌን ሚክሮፎኑ ላይ አደረግሁ። በላቸው እንደ ወንዝ ወረደ።

እዚህ ላይ ላብራራ፤ ሥራዬ ነው። በድምፅ ማጉያ ስናወራ ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ በሚክሮፎኑ ይገባል፤ ያስተጋባል። ፕሮግራሙ ይህንን ለመከላከል በአንድ ጊዜ አንድ ወገን ብቻ ያሳልፋል። ሚክሮፎንህ ድምፅ ከሰማ የሚመጣውን ይዘጋብሃል። አባባ ፈረደ በአክብሮት «እህ» ባሉ ቁጥር የአባባ ተገኘን አያት ስም ቆረጡት። በዚያኛውም በኩል አባባ ተገኘ እየተናገሩ ስለነበር የእሳቸው ማሽን የሚመጣውን ዘግቷል፤ «እህ»ው ጎንደር አልደረሰም። አንዱ ስሙን ዋጠብኝ አለ፤ ሌላው ዝም አለኝ አለ። ሁለቱም በአክብሮታቸው ተቀያየሙ።

ምክንያቱን ለአባባ ፈረደ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ «እህ» እያሉ።

«እንግዲህ ሲናገሩ ዝም ይበሉላቸው» አልኩ።

«ሰው የሞቱ አባቶቹን እየጠራልኝ እንደ ግንድ ልገተር? አይሆንም።»

«እርስዎ እህ ቢሉም እኮ እሳቸው አይሰሙዎትም።»

«እኔ እሰማዋለሁ።»

ሌላ መንገድ አሰብኩ። ሁለቱም በየተራ ይናገሩ፤ አንዱ ስም ጠርቶ ሲያቆም ያኔ ሌላው «እህ» ይበል። ሽቦ በሠራዊት ሬዲዮ የሚናገረው ሰው ሲጨርስ «አቮር» ይላል ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ ‹ተራው ያንተ ነው› እንደማለት ነው። ለአማርኛ የሚሆን ቃል ፈለግሁ።

«ለምሳሌ ስሙን ጠርተው ‹ተቀበል› ቢሉስ?»

አባባ ፈረደ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አዝማሪ ነኝ ወይ? መሰንቆም አምጪልኝ እንጂ!»

ዝናሽ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ በብዙ ቀን የሳቀችው የመጀመሪያዋ ነበር። እሳቸውም ሳቁ። በአገር ቤት ሳሉ ግንበኛ ነበሩ። ቆይተው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋይ ከታች እንደሚያቀብል ሰው ወደ ላይ አነሡት።

«ግንብ ስንሠራ ከታች ያለው ድንጋዩን ወደ ላይ ያነሣና ‹ያዝ› ይላል። ከላይ ያለው ‹ይዣለሁ› ሳይል እጁን አይለቅም። ከለቀቀ ሰው ይሞታል። ይህ ይሻላል።»

«ይህ ከአቮርም ይሻላል» አልኩ። ይሻላልም፤ አቮር ተራ ይሰጣል እንጂ መድረሱን አያረጋግጥም።

ዓርብ ጠዋት ተቀመጥን። ሳሎኑ ሞልቷል፤ የዝናሽ ወገን ሽማግሌዎች በሶፋው፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ደሳለኝ በሩ አጠገብ ቆሟል። አባባ ፈረደ ካልሆኑ በቀር ማንም አይናገር ብዬ አዘዝሁ። የማዕከሉን ክፍል በማዝበት ድምፅ ነው ያዘዝሁት፤ ሽማግሌዎቹም እሺ አሉኝ። በላቸው በዚያኛው በኩል ሥርዓቱን አስረድቷል። የአባባ ተገኘ ድምፅ መጣ፤ ደክሟል፣ ቁጣም አለበት።

«ስም እንደ ድንጋይ እንቀባበል ይሉኛል። አባቶቼ ድንጋይ ናቸው? ያዙ።»

አባባ ፈረደ ከንፈራቸውን ጨምቀው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«ይዣለሁ። ለልጆቹ ቤት እየሠራን አይደለም? ቤት ያለ ድንጋይ በምን ይሠራል? ያዙ።»

ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ የብዙ ሰው ሳቅ፤ ምስክሮቹ ናቸው።

«ይዣለሁ» አሉ አባባ ተገኘ። «አንቱም ግንበኛ ኖረዋል። በሉ እንጀምር።»

ጀመሩ። ስም ይጠራል፤ «ያዙ» ይባላል፤ «ይዣለሁ» ይባላል። አንዲት ስም አልጠፋችም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሙሉ ተቀምጠው ያልዘለቁትን አራተኛ ቤት አለፉ፤ አምስተኛውን አለፉ። ስድስተኛው ላይ አባባ ተገኘ «ወርቁ፣ ያዙ» አሉ።

አባባ ፈረደ «ይዣለሁ» አላሉም።

በእሳቸውም ቆጠራ ስድስተኛው ላይ ወርቁ ነበረ። ቀደም ብለው ጠርተውት ነበር፤ ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። ደሳለኝ ከበሩ ወደ ዝናሽ አየ። ዝናሽ ስክሪኑን እንጂ እሱን አላየችም።

አባባ ፈረደ ወደ ሚክሮፎኑ ጠጋ አሉ። «ወርቁን ገና አልያዝሁም። የትኛው ወርቁ ነው? ያዙ።»

«ይዣለሁ። የወገራው ወርቁ፤ ቀጥቃጩ። ያዙ።»

«የእኔውም ወርቁ ቀጥቃጭ ነው። እናቱ ማን ናት? ያዙ።»

ጎንደር ውስጥ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ሲማከሩ ተሰማ። እኔ አረንጓዴዋን መስመር ብቻ አየሁ። ከኋላችን አንዲት እናት ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ዞር ብዬ አየኋት፤ ዘጋችው። አሁን አንዲት ቃል ከዚህ ብትወጣ ከዚያ የሚመጣው ስም ይቆረጣል።

«ይዣለሁ» አሉ አባባ ተገኘ። «እናቱ ተዋበች፤ የስሜን ሰው ናት። ወንድ ልጅ ከሷ አንድ እሱ ብቻ ነው። ያዙ።»

አባባ ፈረደ ትንፋሻቸውን በረጅሙ ለቀቁ። «ይዣለሁ። የእኔው ወርቁ የበለሳ ሰው ነው። እናቱ ጥሩወርቅ፤ የመጣችው ከደምቢያ ነው፤ አምስት ወንድሞች ነበሩት። ሌላ ነው። ፈጽሞ ሌላ ነው። ያዙ።»

«ይዣለሁ! ሌላ ነው!»

ሰባተኛውን ቤት በሁለቱም በኩል፣ በአባትም በእናትም ቆጠሩት። አልተገናኙም። አባባ ተገኘ «እንግዲህ ይጋቡ» አሉ፤ «ያዙ» ማለትንም ረሱት። አባባ ፈረደም አልጠበቁም፤ መመረቅ ጀመሩ። ወዲያውኑ ከዚያም ምርቃት መጣ። ሳሎኑ እልል አለ፤ ጎንደርም እልል አለ መሰለኝ፤ የምንሰማው ግን ቅንጥብጣቢ ነው፤ ግማሽ ምርቃት፣ ሩብ እልልታ፣ የስም ጅራት። ደሳለኝ ሰዎቹን አልፎ ወደ ዝናሽ ሲደርስ እሷ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። አባባ ፈረደ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተቆራረጠ እኮ ልጄ!»

«ይቆራረጥ አባባ» አልኩ።

እሑድ ማዕከሉ ገብቼ ፎሩሙን ከፈትኩ። ርእሱ ላይ «ተፈታ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም መንገዱን በቅደም ተከተል አስቀመጥሁ፤ ለምን ማሽኑ አንዱን ወገን እንደሚዘጋ፣ እንዴት በመዳፍ እንደሚፈተሽ፣ ምስክር ለሌለው ሰው የጆሮ ማዳመጫ እንደሚበቃ፣ ምስክር ላለው ደግሞ «ያዙ» እና «ይዣለሁ» እንደሚበጅ። ሽቦ በሥሩ «ይዣለሁ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የእኛ ሰዎች ከጎንደር ጋር እንዲሁ ሲያወሩ በብዙ ቤት ሰምቻለሁ።

አሁን ለአዳዲስ መምህራን ሥራውን የማስረክብ እኔ ነኝ። የምላቸውም ይህ ነው፦ ድምፅ ተቆራረጠብኝ የሚል ሰው ሲመጣ ገመዱን፣ ሾፌሩንና መስመሩን ትፈትሻላችሁ፤ ይህ መሆን ያለበት ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰውየውን ከማሽኑ ጋር አስቀምጡትና እሱ ራሱ ሲያዳምጥ እዩት። ማሽኑ ከእናንተ ጋር መሥራቱ ስለ እናንተ ብቻ ነው የሚናገረው።